ዋስ በረኛ

ጋምቤላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሱሌማን፣ ዱባይ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፣ ሆድህን ግን ባለበት ያቁምልህ። ለፀጉርህ ዱዓ ማድረግ ትቻለሁ፤ ያለፈ ነገር ነው። እናቴ ሚስኪ "ወንድሜ ምግብ ይብላ" ትልሃለች። "እየበላ ነው፣ ፎቶውን አይተናል" ብያታለሁ።

በዚህ ዘመን በወረቀት የምጽፍልህ እንደ ሽማግሌ ሆኜ አይደለም። ቁጥሬን ብሎክ ስላደረግክ ነው። እሺ፣ ድምፄን እንደ ጉምሩክ ሹም አጎርንኜ "ካርጎህ ውስጥ እባብ ተገኝቷል" ማለቴ ጥፋት ነው እንበል። ግን በሸበጥ እስከ መጋዘን የሮጥከው አንተ፣ የተቀጣሁት እኔ! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ይህን ደብዳቤ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራው ፈሪዳ ወደዚያ ለሚመጣ ነጋዴ ትሰጥልኛለች። ስትቀበለኝ አገላብጣ አሸተተችው። እዚህ ከተማ የእኔ ስም ያለበት ነገር ሁሉ ሳይሸተት አያልፍም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንተና የድሮ ጓደኛህ ኦሞድ ያቋቋማችሁት ሊግ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ሆኗል። እኛ የሱቅ ልጆች ከመናኸሪያው ጀርባ ጠጠር ላይ እንጫወታለን፤ የሱቅ ሊግ ነን። የኦሞድ ሰፈር ልጆች ደግሞ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ የባሮ ሊግ ብለው የራሳቸውን ጀመሩ። ያ ጥይት ከተማ ገብቶ ሱቆቹ ከተዘረፉ ጀምሮ ማንም ወደ ማንም ሜዳ አልተሻገረም። እነሱ እኛን "ሚዛኖች" ይሉናል፣ እኛ እነሱን "ዓሣዎች" እንላለን። ስድቡ እንኳ ደብዛዛ ነው፤ እኔን ቢያማክሩኝ የተሻለ ባወጣሁ።

ድንበሩ ላይ ግን ጦርነቱ አልበረደም። በእግር እየመጡ ያሉት ተፈናቃዮች ትምህርት ቤቱን ሞልተውት ደጁ ላይ ፈስሰዋል። የእኛ ሽማግሌ ሐጂ ጀማልና የባሮ ልጆች ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ነገር ቆረጡ፤ የሁለቱ ሊግ ምርጦች ይጋጠሙ፣ መግቢያው አንድ ጣሳ በቆሎ ይሁን፣ በቆሎው ለተፈናቃዮቹ ይሂድ። ዓርብ የእኛ ነው፣ እሑድ የእነሱ፣ ስለዚህ ቅዳሜ የኳስ ሆነ። ጥር አጋማሽ ላይ።

የሱቅ ሊግ ምርጥ በረኛ ማን ይመስልሃል? ውሃ ጠጣና ተቀመጥ። የእህትህ ልጅ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ያመለጠው፣ ኳስ ግን የማያመልጠው።

ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ጓንት ላክልኝ። አንድ ፊሽካም። ሌላ ደግሞ ትንሽ ነገር አለች፣ በእጅ ጽሑፌ አሳንሼ እጽፋታለሁ፤ የብረቱ ጎል። እዚህ ጥለኸው በሄድከው መጋዘንህ ውስጥ ተኝቶ ዝገት እየበላው ነው። በድንጋይ ጎል ስንጫወት "ገባ"፣ "አልገባም" ይባላል፤ ከዚያ ጎሉ ራሱ ይወረወራል። ባለፈው የእኛ የግራ ቋሚ የአንድ ልጅ ግንባር ላይ አርፏል። በዚህ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚያበቃው በግንባር አይደለም፣ ይገባሃል። መረብ ያስፈልገናል። መረብ ውስጥ ያረፈ ኳስ አያከራክርም።

ቁልፉ አንተ ጋ ነው። በል እንግዲህ፣ አላህ ልብህን ያራራልኝ።

የእህትህ ልጅ፣
አብዱልባሲጥ (እባቡ)

—

ዱባይ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአብዱልባሲጥ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። እህቴን አላህ ያኑርልኝ፤ አንተንም ልብ ይስጥህ። ስለ ሆዴና ስለ ፀጉሬ የጻፍከውን አንብቤያለሁ። ብሎኩ ይቆያል።

ጓንቱን በነጋዴው እጅ ልኬልሃለሁ። ፊሽካውንም። የጓንቱ ሻጭ "በረኞች ሁሉ የሚያደርጉት ነው" ብሎ ምሎልኛል። ሱቅ ቆመህ እናትህን እንድታግዛት ብዬ እንጂ ኳስ ስታሳድድ እንድትውል አይደለም የላክሁልህ።

ጎሉን ግን በሕልምህም አትየው።

ያን ጎል በገዛ እጄ ነው የበየድኩት። እኔ ስበይድ ኦሞድ ብረቱን ይይዝልኝ ነበር። መነፅሩ አንድ ብቻ ስለነበር እኔ አድርጌው እሱ በባዶ ዓይኑ ያይ ነበር። በማግስቱ ዓይኑ አብጦ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ነው ብዬ ነበር። ሱቄ በተዘረፈ ቀን የሮጥኩት ወደማንም አይደለም፣ ወደ እሱ በር ነው። አንኳኳሁ። ስሙን ጠርቼ አንኳኳሁ። ቤት ውስጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ። በሩ አልተከፈተም። ጎሎቹን ነቅዬ የቆለፍኩት በማግስቱ ነው። እኔ በሩን ያጣሁበት ሰው የእኔን ጎል አያገኝም።

ጓጉንቸሩን እሰብራለሁ ብለህ እንዳታስብ። አንተን አውቅሃለሁ። ብትሰብረው በዚህ ዓለም አንተያይም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ሐጂ ጀማል በስልክ ሲያወራኝ ያልገባኝ ነገር ተናገረ፤ "ልጁ ከእነሱ ጎል ይቆማል" አለኝ። አርጅቶ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው? በየትኛው ጎል ነው የምትቆመው? በቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ሱሌማን

—

ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሱሌማን፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቁጣህን ያብርድልህ፤ እዚህ ያለው ሙቀት ለእኔ ይበቃኛልና የአንተን አትጨምርብኝ።

ጓንቱ ደርሶኛል። እንደ ሙሽራ መኪና ያብለጨልጫል። አድርጌው ገበያ ዞርኩ፤ አንዲት ሴትዮ "ቀዶ ጥገና ልትሠራ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ተራሽን ጠብቂ" አልኳት።

የሐጂ ጀማል ጆሮም የአንተም ጆሮ ደህና ነው። በእነሱ ጎል ነው የምቆመው።

ቁጭ በል፣ ልንገርህ። ሽማግሌዎቹ ሐጂ ጀማል ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰብስበው "ቢጣሉስ? አንዱ ድንጋይ ቢያነሳስ?" እየተባባሉ ፀሐይዋ አልፋ ሄደች። ምናልባት ጨዋታው ይቅር ሊሉ ነበር። አቶ ዱዎት፣ ያ ረጅሙ ሽማግሌ፣ የከብት ጠብ አስታርቆ የማይሰለቸው ሰውዬ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ሰክቶ "ዋስ ተሰጣጡ" አለ። "ሁለት ቤት ሲጣላ አንዱ ልጁን ለአንዱ ይሰጣል። የዚህ በረኛ የዚያን ጎል ይጠብቅ፣ የዚያ በረኛ የዚህን። ልጅህ እዚያ ቆሞ ድንጋይ አትወረውርም።"

ነገሩ ልክ ነው። ከዚያ ሐጂ ጀማል ቀስ ብሎ "የእኛ በረኛ እኮ አብዱልባሲጥ ነው" አለ።

እንዴት እንደሳቁ ብታይ! አጎቴ፣ እኔም ሳቅኩ። መጀመሪያ ላይ።

ኦሞድ ግን አልሳቀም። "ይሄ ልጅ?" አለ። "ይሄ ልጅ ወንዝ ላይ ‘አዞ!’ ብሎ ጮኸ። ሚስቴ ልብስ ሁሉ ጥላ ሮጠች።"

"ልብሱን መልሼያለሁ እኮ!" አልኩ።

"ለማን? ለአዞው?"

እንደገና ሳቁ። አቶ ዱዎት ወደ እኔ ዞሮ "ልጄ፣ አንተ ቃል አለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው ቀልድ አፌ ላይ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ፤ ዋጥኩት። እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። "አለኝ" አልኩ። ማንም አላመነኝም። ግን ሌላ በረኛ የለም፤ ስለዚህ ሐጂ ጀማል በሁሉም ፊት አስማለኝ፤ "የመጣብኝን ኳስ ሁሉ እይዛለሁ፣ የወንድሜም ቢሆን" ብዬ ማልኩ። እነሱም በረኛቸውን ኦቻላን ሰጡን። የሱቅ ሊግን ጎል እሱ ይጠብቃል። ኦቻላን ታውቀዋለህ፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው፣ እጁ እንደ መቅዘፊያ የሆነው። ሲምል እንኳ ቃሉን ማንም አልመዘነበትም። የእኔን ግን ሁሉም እንደ ኮንትሮባንድ ስኳር መዘኑት።

ያልከውን ለኦሞድ ነገርኩት። የበሩን ነገር። መንገር አልነበረብኝም ይሆናል፤ እኔ ምን ምስጢር ይዤ አውቃለሁ። ይህን አለኝ፣ እንዳለ ልጻፍልህ፤

"ያን ቀን ልጆቼ አልጋ ሥር ናቸው። ሱሌማን ጠራኝ፣ ሰማሁ። ከኋላው ማን እንዳለ አላየሁም። ብከፍት ማን ይገባል? አላውቅም። ይናደድ። መብቱ ነው። ጎሉን ግን ይስጠን። ጎሉ ምን አደረገ?"

እኔም የምልህ ይሄንኑ ነው። ጎሉ ምን አደረገ? አንተ ተናደህ ሄድክ፤ መሄጃ ስለነበረህ ሄድክ። እኛ እዚሁ ተናደን ቀረን። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት አብረን እንናደዳለን፣ ከሰዓት እላፊው በፊት ስንዘጋ እንናደዳለን፣ ባሮ ድልድይ ላይ ስንተላለፍ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ እንናደዳለን። የተናደደ ሰው ጎል አያስፈልገውም ያለህ ማን ነው? ይልቅ እሱን ነው የሚያስፈልገው።

ቁልፉን ላክ። በድንጋይ ጎል ከተጫወትን ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ አንተም ታውቃለህ።

አብዱልባሲጥ

—

ዱባይ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዱልባሲጥ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ብዙ ጊዜ ልመልስ ተቀምጬ ተነሳሁ።

ቁልፉ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። ጎሎቹን አውጡ።

ቁልፉን የምሰጥህ ግን ከአንድ ነገር ጋር ነው። በኦሞድ ጎል ስትቆም ኳሱ ይለፍህ። አንድ ይበቃል። ሁለት ከሆነ ደግሞ ደስታዬ ነው። ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በር ላይ ቆመው መልስ ማጣት ምን እንደሚመስል ኦሞድ አንድ ቀን ይቅመሰው። ዕድሜህን ሙሉ በሰው ስታሾፍ ኖረሃል፤ ይህችን አንዲቱን ለእኔ ብለህ አሹፍ። ማን ያውቅብሃል? ባሲጥ ኳስ አመለጠው ይባላል፣ ያልቃል።

ይህን ከሆንክልኝ ብሎኩን አነሳለሁ። ዱባይም አስመጣሃለሁ።

አጎትህ

—

ጋምቤላ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ሱሌማን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ ይጠበቅ።

ቁልፉ ደርሶኛል። አብሮት የመጣውም ቃል ደርሶኛል። ቁልፉን እጠቀምበታለሁ። ቃልዎን ግን ከዚህ ወረቀት ጋር መልሼልዎታለሁ፤ ይረከቡ።

የእኔ ቀልድ ሲያልቅ ሰው ይስቃል። አንዳንዴ ይመታኛል፣ ከዚያ ይስቃል። የእርስዎ ቀልድ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አስበዋል? ኦቻላ በእኛ ጎል ቆሟል፣ በእኛ ሰዎች መሃል፣ ብቻውን። እኔ ኳስ አሳልፌ "ከዳ" የተባለ ዕለት የባሮ ልጆች ወደ እኔ ይመጣሉ፣ የእኛዎቹ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ሜዳው ዙሪያ የሚቆሙት ሁሉ ባዶ እጃቸውን አይደለም የሚቆሙት። እርስዎ ዱባይ ሆነው "አንድ ይበቃል" ይላሉ። አዎ፣ አንድ ይበቃል።

ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህችን ግን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሳልጠብቅ ገብታኛለች።

ዱባይዎንም ለራስዎ ያድርጉት። ብሎኩም ባለበት ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አብዱልባሲጥ

—

ዱባይ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣ ለጀግናው ባሲጥ!

አሰላሙ አለይኩም! አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እጅህን ይባርከው! ሐጂ ጀማል ደውሎ ነገረኝ፤ አንድ ለዜሮ! በአንተ እግር መሃል! የእኛ አጥቂ ይግዛው ከሩቅ የለጋት ኳስ፣ ሕፃን የሚይዛት፣ በእግርህ መሃል ገባች አለኝ። ካርጎ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሠራተኞቹ ተሰበሰቡብኝ።

"እርስዎ" እያልክ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ሳነብ እንዴት ተቆጥቼ ነበር! ለካ እሱም ቀልድህ ኖሯል። ወረቀቱ ሰው እጅ ቢገባ ብለህ ነው አይደል? ብልጥ! እኔን ካታለልክ ማንን አታታልልም። አለቀሰ ብሎኛል ደግሞ። እንባውንስ ከየት አመጣኸው? ሽንኩርት?

ኦሞድ ምን አለ? ፊቱ ምን መሰለ? አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ። ሽቶና ጫማ ልኬልሃለሁ።

የሚኮራብህ አጎትህ፣
ሱሌማን

—

ጋምቤላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሱሌማን፤

ሰላም ይሁንልዎ።

ጫማውን ለተፈናቃይ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ሽቶውን ፈሪዳ ወስዳለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ሁሉ እርስዎን እርስዎን ይሸታል።

አንድም ሳታስቀር ብለዋል። አላስቀርም። አንብበው ሲጨርሱ ይሳቁ።

ጎሎቹን ዓርብ ዕለት አወጣን። እኔ፣ ኦቻላና ኦሞድ። የመጋዘኑ በር ሲከፈት የሌሊት ወፍ ወጥቶ ኦሞድን ፊቱን መታው፤ "ሱሌማን ዘበኛ ቀጥሯል" አለ። ያን ዕለት የተናገረው ቀልድ ይቺው ናት። ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ሜዳው ድረስ አላወረደም፣ እኛ ወጣቶቹ ሁለቴ አርፈናል። ስንተክለው የግራው ቋሚ አጥሮ አግዳሚው ተንጋደደ። ኦሞድ ሳያይ ሳይለካ ሄዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቶ ከሥሩ አስገባበት። "ይሄ የሱሌማን መለኪያ ነው። ድሮም እንዲህ ነው" አለ። ብረቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ቅዳሜ ሕዝቡ ጣሳውን ይዞ መጣ። በቆሎው ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቆለለ፤ ከአቦቦ አንድ ገበሬ በአህያ ጭኖ መጥቶ "ለዚህ ስንት ሰው ይገባል?" ብሎ የመንደሩን ልጅ ሁሉ አስገባ። የሱቅ ሰው በአንድ ወገን፣ የባሮ ሰው በሌላ ወገን፣ ወታደሮች በማዕዘኖቹ። እኔ በባሮ ሰው ፊት፣ በባሮ ጎል። ጀርባዬን የሚያዩት ሁሉ የማያምኑኝ ነበሩ። ጀርባ እንዲህ እንደሚያሳክክ አላውቅም ነበር።

ኦቻላ በዚያኛው ጫፍ መጀመሪያ የያዘው የገዛ ታናሽ ወንድሙን ኳስ ነው። ወንድሙ መሬት ላይ ተፋበት። ኦቻላ ኳሱን አቅፎ ቆመ። እኔም ይግዛውን አንዴ ከእግሩ ሥር፣ አንዴ ከግንባሩ ላይ ወሰድኩበት። ይግዛው ማለት ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ ባዶ እጁን የተመለሰው፣ ከእኔ ጋር አንድ ሳህን ላይ የሚበላው። "ከሃዲ!" አለኝ። "ወርቅ ያጣኸው እንዲህ እየቆፈርክ ነው?" አልኩት። የባሮ ሰዎች ከኋላዬ ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ የጣመኝ የለም። ያኔ አመኑኝ። ትንሽ፣ ግን አመኑኝ።

ሕዝቡ እንዳይደባለቅ ጎል ሳንቀያየር እረፍት አልፎ ፀሐዩ ከፊቴ መጣ። የጋምቤላን የጥር ፀሐይ ያውቁታል። ጓንትዎ መቅለጥ ጀመረ።

አዎ፣ ጓንትዎ። ያ የሚያብለጨልጨው። መዳፉ ላይ ያለው ስፖንጅ በላብ ርሶ እንደ ሳሙና ሆነ፤ የተጣበቀበት ማስቲሽ ፈሶ መዳፉ ተላጠ። ላወልቀው ስታገል ይግዛው ከሩቅ ለጋት። ሕፃን የሚይዛት ኳስ። ያዝኳት። በሁለት እጄ ያዝኳት፣ ወላሂ። ስፖንጁ ከኳሷ ጋር ሄደ። በእግሬ መሃል አልፋ መረቡን ነካች።

መረብ ውስጥ ያረፈ ኳስ አያከራክርም ብዬዎት አልነበር?

የሱቅ ሰው ጮኸ። ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የባሮ ልጆች ወደ መስመሩ መጡ። በዚያኛው ጫፍ ኦቻላ ብቻውን ቆሟል፣ ከኋላው የእኛ ሰዎች የሜዳውን ገመድ አልፈው ወደፊት መግፋት ጀምረዋል። አንድ ወታደር መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። እኔ "ጓንቱ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ጓንቱ ነው፣ እዩት!" አንድ ሰው ከኋላ "አዞው ነው በለና!" አለኝ። ልክ ነው። ምን ይበለኝ?

ኦሞድ ወደ ሜዳው ገባ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በክርኔ ይዞ ወደ ሕዝቡ አዞረኝ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይሄ ልጅ አታላይ ነው" አለ፣ ጮክ ብሎ። "እኔን ስንት ጊዜ አታሏል። ሚስቴን አታሏል። አብዱልባሲጥ ሲያታልል ግን ይስቃል። ሳቁን መያዝ አይችልም፣ ይስቃል። ሁላችሁ ታውቃላችሁ። አሁን እዩት። ይስቃል?"

እንባዬና ንፍጤ አገጬ ላይ ነበር። ሽንኩርት አልነበረም፣ አቶ ሱሌማን።

አቶ ዱዎት በከዘራው መሬቱን መታ አድርጎ "ተጫወቱ" አለ። ኦቻላ ያን ሁሉ ሜዳ ሮጦ መጥቶ የጓንትዎን ትራፊ ከእጄ ላይ ላጠልኝ። "በባዶ እጅ ያዝ" አለኝ፤ "እኔ ሁልጊዜ በባዶ እጅ ነኝ።" ተመልሶ ሮጠ። ከዚያ በኋላ አንድም አላለፈኝም። እሱንም አንድም አላለፈውም። አለቀ። በቆሎው ለተፈናቃዮቹ ሄደ።

የሚያቃጥለኝን ልንገርዎ? ጨዋታው ሲያልቅ የሱቅ ልጆች በትከሻቸው ሊሸከሙኝ መጡ። "ባሲጥ! ጨረስካቸው!" ይግዛው ጆሮዬ ላይ "በደንብ ነው ያሳለፍካት ጃል" አለኝ። የገዛ እናቴ ማታ እራት ስታቀርብ ጠቀሰችኝ። ሐጂ ጀማል፣ በሁሉም ፊት ያስማለኝ ሰውዬ፣ ለእርስዎ ደውሎ ሳቀ። የእኔ ወገን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከዳሁ ብሎ አመሰገነኝ። በሕይወቴ አንድ ቀን ሳላሾፍ ዋልኩ፤ ያመነኝ ኦሞድ ብቻ ነው። ያ በር ያልከፈተልዎ ኦሞድ።

ያሉት ሁሉ ሆኖልዎታል። ኳሱ ገብቷል፣ ሕዝብ አይቷል። የኦሞድን ፊት ጠይቀዋል። የኦሞድ ፊት ይህን ይመስል ነበር።

ጎሎቹ ሜዳው ላይ ናቸው። አይነቀሉም። ጓጉንቸሩን እኔና ኦቻላ ከድልድዩ ላይ ባሮ ውስጥ ወርውረነዋል። ከፈለጉት መጥተው ጠልቀው ያውጡት፤ አዞ የለም፣ እምላለሁ።

ከረመዳን በፊት የመልስ ጨዋታ አለ። ሽማግሌዎቹ "አሁንስ የዋሱ ነገር ይቅር፣ ልጆቹ ወደየጎላቸው ይመለሱ" አሉ። ኦሞድ እምቢ አለ። "ይሄ የእኔ በረኛ ነው" አለ።

አብዱልባሲጥ

—

ዱባይ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባሲጥ፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ይጠብቅህ። እናትህን ይጠብቅልኝ።

ተናድጃለሁ። በአንተም፣ በኦሞድም፣ በሐጂ ጀማልም፣ በጓንት ሻጩም። ሻጩ ሱቅ ሄጄ በአማርኛ ጮኽኩበት፤ ምንም አልገባውም፣ ግን ፈራ። ስለ ራሴ ምን እንደምል ገና አላወቅሁም። "እርስዎ" አትበለኝ። ስድብህ ይሻለኛል።

የግራውን ቋሚ የለካሁት እኔ አይደለሁም። ኦሞድ ነው የለካው። እኔ እንዳለኝ ነው የቆረጥኩት። ይህን ንገረው። አይ፣ ተው፣ አትንገረው።

ቁጥርህን ከፍቼዋለሁ። የመልሱ ጨዋታ ሲያልቅ እዚያው ጎሉ ጋ ቆመህ ደውልልኝ። የማንንም ድምፅ አታስመስል። ከዚያ ስልኩን ለእሱ ስጠው፤ የቋሚውን ነገር ራሴ ነው የምነግረው።

መጀመሪያ ሲጠራ ላላነሳ እችላለሁ። ስልኩ ጋ መኖሬን ታውቃላችሁ። ዘግታችሁ አትሂዱ፣ ደግማችሁ ደውሉ።

አጎትህ